የግራ እጅ ፈትል

ፉሪ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእማማ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? የሰኔ ጾምስ እንዴት ይዞዎታል? ዝናቡ ሰበታን ከእኛ ሰፈር ቀድሞ እንደሚመታ ስለማውቅ፣ በጠዋት ፋብሪካ ስገባ ሰማዩን አይና «የእማማ ቆስጣ ውኃ ተኝቶበት ይሆን? ቦዩን ማን ከፈተላቸው?» እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባቴና እናቴም ደህና ናቸው።

ስድስት ወር ሙሉ ሳልጽፍልዎት ቀረሁ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ተቀይሜዎት ነበር። ሮዛ በሰው ፊት ስታዋርደኝ፣ ልጅዎ ኤርምያስ መሬት መሬቱን ሲያይ፣ እኔ የጠበቅሁት የእርስዎን አንድ ቃል ነበር። አልተናገሩም። ለዚህ ዝምታ ስድስት ወር ስም ሳወጣለት ከረምኩ፤ አንዱም ስም ጥሩ አልነበረም። ዛሬ የምጽፈው ስሞቹን ሁሉ ለመሰረዝ ነው። የሚያውቁትን ነገር መልሼ ስተርክልዎት ይታገሱኝ። ከመጀመሪያው ካልተነሣሁ መጨረሻው ላይ ለመድረስ አቅም የለኝም።

መጀመሪያ ቤትዎ የመጣሁ ቀን ያየሁት ልጅዎን አልነበረም ብል ይሥቁብኛል። ያየሁት ግድግዳውን ነው። ኤርምያስ መኪናውን ለማቆም ብሎ የጎመን መደብዎን በአካፋ ደልድሎት ነበር፤ ሳይጠይቅዎት። እርስዎ በሦስተኛው ቀን የማዳበሪያ ከረጢቶችን አፈር ሞልተው፣ ጎናቸውን እየበሱ፣ ከመኪናው በላይ በግንቡ ላይ ደርድረው ሰቀሏቸው። ከየቀዳዳው ሰላጣና ቆስጣ አንገቱን ያወጣ ነበር። «እማማ፣ ይሄን የት ተማሩት?» ብልዎ «መሬት ሲነሡኝ ግድግዳ ላይ ወጣሁ» አሉኝ። ቅሬታ የለ፣ ለቅሶ የለ። የሰላጣው ውኃ ግን ጠብ ጠብ የሚለው በመኪናው መስታወት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህችን ሴት አማቴ ካላደረግሁ ብዬ የወሰንኩት። ባሉን እንኳ ገና በቅጡ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ፣ ቀለበት ታሠረ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እርስዎ ከአገርዎ ይዘውት የመጡትን ወግ ነገሩኝ፦ የሙሽራውን ጋቢ ማግ ግማሹን እናቱ፣ ግማሹን እጮኛው ትፈትላለች። እኔ ፋብሪካ ውስጥ በሰዓት ሺህ ሜትር ክር የሚያወጣ ማሽን የምቆጣጠር ልጅ፣ እንዝርት ይዤ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ እየመጣሁ፣ የዳንቴል መጋረጃዎ ሥር፣ ያ አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚያስተምሩ! «አትጎትቺው፣ ለምኚው» ይሉኛል። ባዘቶው በጣትዎ መሐል እንደ ጭስ ሲሳሳ፣ እንዝርቱም እንደ ንብ ሲያንሾካሹክ፣ የአምስት ዓመት የጨርቃጨርቅ ምሕንድስና ትምህርቴ አፍሮ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ግራኝ መሆኔን ያወቁት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። እናቴ በልጅነቴ ግራ እጄን በሻሽ ታስርብኝ ነበር፤ አስተማሪዎቼ በማስመሪያ ገርፈውታል። እርስዎ ግን እንዝርቱን በግራ ጭኔ ላይ ሳሽከረክር ትንሽ አይተውኝ «እጅሽ የሚያውቀውን ያውቃል፤ ተይው» አሉኝ። በሕይወቴ ለዚህ እጅ ፈቃድ የሰጠው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

አሁን ስለ ኅዳሩ ቅዳሜ ልጻፍ። እንዳይጨነቁ፣ ባጭሩ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ኤርምያስ ከሠርጉ በኋላ ፋብሪካውን እንደምለቅ ነገረኝ። «እንደምለቅ ማን ወሰነ?» አልኩት። ከመኪናው ልወርድ ስል የእጄን አንጓ ያዘኝ፤ መልሴን እንድለውጥ አጥብቆ ያዘኝ። አልለወጥኩም። በማግስቱ ለፈትል እጅጌዬን ስሰበስብ የጠቆረውን ምልክት እርስዎ አዩት። «ምን ነካሽ?» አሉኝ። «የፋብሪካ በር ያዘኝ» አልኩ።

«በር ጣት የለውም፣ ልጄ» አሉ።

ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረው አንጓዬን ጠቀለሉልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈትሉን ይዘን አብረን ቡራዩ ሸማኔው ጋ ልንሄድ ተቃጥረን ነበር። ስመጣ ቀድመውኝ ሄደው ተመልሰዋል። «ጉልበትዎ እያመመዎት ብቻዎን? ሁለት ታክሲ ቀይረው?» ብልዎ፣ «መንገዱ ቀንቶኝ ነው» አሉ። አላሰብኩበትም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ጋቢው መጣ። በወጉ መሠረት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ተዘረጋ። እንዴት ያለ ጉድ ነበር! ግማሹ ወዲህ ተሰብስቦ፣ ግማሹ ወዲያ ተወጥሮ፣ መሐሉ ትልም በትልም ተሸብሽቦ አዲስ የታረሰ ማሳ መሰለ። ሮዛ፣ የባሌ እኅት ልትሆን የነበረችው፣ ከሁሉ ቀድማ ተነሣች። «እንኳን ዛሬ ታየ! የግራ እጅ ሥራ ከቀኝ ጋር መች ሰምሮ ያውቃል? ጋቢው አልስማማም ካለ ባልና ሚስቱ በምን ሊስማሙ ነው?» አለች። አክስታቸው አማተቡ። አንዱ «ገዱ አልቀናም» አለ፣ ሌላው ተቀበለው። እኔ ኤርምያስን አየሁት። «እኔ በዚህ አላምንም፤ ግን ቤተሰቤን ማስቀየም አልችልም» አለ። «እንግዲያው ቤተሰብህን አግባ» ብዬ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

እርስዎ ጋቢውን በዝግታ አጣጥፈው «መሽቷል፤ ልጅቷን ሸኟት» አሉ። ያ ነው የቆረጠኝ። ልጅቷን!

በጥር፣ ሠርጌ ሊሆን በነበረበት ሳምንት፣ የተረፈኝን ፈትል በቦርሳዬ ይዤ ብቻዬን ቡራዩ ወረድኩ። ሸማኔውን ኦቦ ነገሳን ያውቋቸዋል፤ ከገፈርሳ መንገድ ገባ ብሎ ያለችው ቆርቆሮ ቤት። ልጣላቸው ነበር የሄድኩት። ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ትንሽ አሾሩትና ሣቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ የግራ ሰው ፈትል ነው። ወደ ግራ ነው የከረረው። ያኛው ደግሞ ወደ ቀኝ። ለየብቻ ሁለቱም ወርቅ ናቸው። አንድ ላይ ሆነው ውኃ ሲነካቸው ግን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይስባል» አሉኝ።

የክርን የግራና የቀኝ አከራረር ኤስ እና ዜድ እያልን በእንግሊዝኛ ፊደል የተማርነው፣ ፈተናው ላይ ኤ ያገኘሁበት፣ በየቀኑ ፋብሪካ ውስጥ በማጉያ መነጽር የማየው ነገር ነው። የራሴን ጋቢ ሲያበላሽ ግን አላየሁትም። የእንዝርት ክርም ክር መሆኑን ትምህርቴ ረስቶት ነበር። «ታዲያ እያወቁ ለምን ሠሩት?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ኦቦ ነገሳ መወርወሪያቸውን አንሥተው «ያመጣችልኝ ሃምሳ ዓመት የፈተለች ሴት ናት። እኔ ለእሷ ስለ ክር ላስተምር?» አሉ። ይህን መልስ ያን ቀን ሰማሁት እንጂ አላዳመጥኩትም። የተመለስኩት በራሴ ብቻ ተናድጄ ነው።

አሁን ወዳለሁበት ልምጣ። ኤርምያስ ከሦስት ሳምንት በፊት ለአባቴ ሰው ላከ። «ገድ ማለት ኋላ ቀርነት ነው፤ ተጸጽቻለሁ፤ ሽማግሌ ልላክ» ብሏል። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሽማግሌዎች ቤታችን ይመጣሉ። አባቴ «ሰው ይሳሳታል» ይላል። እናቴ «ሁለቴ የተለመነች ልጅ ዕድለኛ ናት» እያለች የሳሎኑን የሶፋ ልብስ አጥባ አስጥታለች። እኔስ? እውነቱን ልንገርዎት፣ እሺ ልል ነበር። ወድጄው አይደለም፤ በእልህ ነው። ሮዛ ፊት በነጭ ቬሎ ልቆም፣ ግራ እጄን ከፍ አድርጌ ቀለበት ላጠልቅበት፣ «የታለ ገዱ?» ልላት። ለአንድ ቀን ድል የዕድሜ ልኬን ልከፍል ተዘጋጅቼ ነበር። አንጓዬን እንኳ «አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው» ብዬ ይቅር ብዬለት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ ማሪቱ መጡ። እኚያ ሰበታ ገበያ ችግኝ የሚሸጡት ጎረቤትዎ፤ የቃሪያ ችግኝ በትሪ፣ ከሥሩ አንድ ከረጢት። ገና በሩ ላይ ሆነው ጀመሩ፦ «ሴትዮዋን ምን እንዳስነካሻቸው እንጃ! ስድስት ወር ሙሉ በግራ እጃቸው ከእንዝርት ጋር ሲታገሉ ጎረቤቱ ሁሉ ስትሮክ መታቸው ብሎ ነበር። ኤርምያስ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ሲላቸው ‹ቀኝ እጄ ሰልችቶት ነው፣ ተወኝ› አሉት።» ከረጢቱን ከፈትኩት። ዐሥራ አራት ልቃቂት። ከወይዘሮ ማሪቱ ጋር የላኩት ቃልም እንዲህ ነበር፦ «ከተረፋት ጋር አድርጋ ለራሷ ታሠራው። የማንንም ክር እንዳትቀላቅልበት በያት።»

እማማ፣ ልቃቂቶቹን በአልጋዬ ላይ በተርታ አስቀምጬ እያንዳንዳቸውን ጫፋቸውን ፈታሁ። ሁሉም ወደ ግራ የከረሩ ናቸው። የመጀመሪያው አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ቀጭን፣ አራት ቦታ ተበጥሶ የተቀጠለ፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስላል። አምስተኛው ላይ እጅዎ መንገዱን አገኘ። ዐሥረኛው ላይ የእኔን አከለ። ዐሥራ አራተኛው ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ስጽፍ እየቀናሁ ነው። በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜ፣ አገር ሁሉ የሚያደንቀውን ቀኝ እጅ አስቀምጦ ከዜሮ መጀመር! በፋብሪካችን ሦስት መሐንዲሶች አሉ፤ አንዳቸውም ይህን አይሞክሩትም። እኔም አልሞክረውም።

ልቃቂቶቹን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ነው የኦቦ ነገሳ መልስ ጆሮዬ የገባው። አንጓዬን ባዩ በሳምንቱ፣ ሁለቱን ፈትል ይዘው ቡራዩ ብቻዎን የሄዱበት ቀንም ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ግን አልጠይቅዎትም። መልሱን እርስዎ ቤት ውስጥ ማንም እንዲሰማው አልፈልግም፤ ግንቡም ቢሆን። በእናትነት ልብ ላይ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነም እኔ ልለካው አልችልም። ደብዳቤውን ያነበቡ ዕለት ከረጢቶቹ አፈር ውስጥ ይቅበሩት።

እሑድ የምለውን ግን ይወቁት። ስለ ኤስና ዜድ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ ተነሥቼ እንዲህ እላለሁ፦ «አባቶቼ፣ ጋቢው አልስማማም ብሏል። እኔ በገድ አምናለሁ።» ሮዛ ስትሰማ ትደነግጣለች፤ አባቴ «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ይላል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቋ በተሸበሸበ ጋቢ ፈራች ብለው ከፉሪ እስከ ሰበታ ይሣቁብኝ። ስድስት ወር ሙሉ «እኔ የተማርኩ ነኝ፣ በዚህ አላምንም!» እያልኩ ስጮህ የነበርኩት እኔ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ አምናለሁ እላለሁ። ማንም ሌላ ምክንያት አይፈልግም፤ ማንም ወደ እርስዎ ዞሮ አያይም።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ያጠጡት ይብቀል፣ የተከሉት ጥላ ይሁንዎት። ሁለቱም እጆችዎ ይባረኩ። ለልጅዎም ልብ ይስጠው፤ ይህን ስል ከልቤ ነው፣ የእርስዎ ልጅ ነውና።

ምራትዎ ያልሆንኩት
ልጅዎ