ሰንበትን የሚያውቅ ሳጥን

ጁላይ 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልሆነም። የፀሐዩን መስመር ራሱ የሚቆርጠውና የሚያገናኘው ሪሌ ሲዘጋ ደህና ነበር፣ ሲከፍት ተጣብቆ ቀረ። መበየጃው ጣቴን ላጠው። በንዴት ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት... ከዚያ ተንበርክኬ ብሎን ስለቅም አመሸሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ንዴቴ ግን ያኔ ከአውሮፕላን እንደወረድኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነው።

ቀን እዚህ ቤርሼቫ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ዕቃ እበይዳለሁ፣ ማታ እቤት መጋዘን ውስጥ የራሴን። ቻርጅ ኮንትሮለር። ከፀሐይ ፓነሉ የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ባትሪውን የሚያጎርስ ሳጥን ነው፣ ከሱቅ ይገዛል። ለአባባ የሚሆነው ግን አይገዛም። አባባ ሳንባው ደክሟል፣ ያቺ ትንሿ የኦክስጅን ማሽን ካጠገቡ አትለይም። ከሰንበት በቀር። ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ቱቦውን ካፍንጫው አውልቆ ይተኛል። የግድግዳውን መብራት የሚያመነጩ ሰዎች በሰንበት እየሠሩ ነውና በእነሱ ድካም አልተነፍስም ይላል። ጎንደር እያለን ዓርብ ዓርብ የምድጃውን እሳት በውሃ የሚያጠፋ ሰው ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። ራቢውም ሐኪሟም ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል ብለው ለመኑት። ወይ ፍንክች።

“ዓርብ የተያዘ ፀሐይ የዓርብ ሥራ ነው” አለኝ። በዚህ ብቻ ነው የተስማማው። ባትሪው ዓርብ ይሞላል፣ በሰንበት ግን ፀሐይዋም ለእሱ እንዳትሠራ። ስለዚህ ዓርብ ማታ ፓነሉን ራሱ የሚዘጋ፣ ቅዳሜ ማታ ራሱ የሚከፍት ሳጥን እሠራለሁ። ያለፈው ሰንበት ጠዋት ከንፈሩ ጠቁሮ ነው ያገኘሁት። እንደዚያ ሌላ ሰንበት አያልፍም። አላሳልፍም።

ልጆቼ ከቤት ወጥተዋል፣ አማርኛም አያነቡም። ደግ። እዚህ እንደ ልቤ ልሳደብ።

ጁላይ 6፣ ሐሙስ

ሪሌውን ቀየርኩት፣ ታዘዘ። ወንድሜ ጀምበሬ ከሚሠራበት መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ባትሪዎች አምጥቶ ጣሪያ ላይ አወጣልን። ወገቡ ተቆረጠ፣ ምላሱ ግን አልተቆረጠም፣ እስከ ላይ ድረስ እየሰደበኝ ወጣ።

እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ ወደ ጣሪያው የሚወስደው ደረጃ በአራተኛ ፎቅ በኩል ነው፣ እዚያ ደግሞ ኦዴድ አለ። ሰድር አንጣፊው ጎረቤታችን። ተከትሎን ወጣ። ጣሪያው የሁሉም ነው፣ አናቴ ላይ ቦምብ አስቀመጣችሁ፣ የሕንፃውን ኮሚቴ ጠይቃችኋል ወይ አለ... ጠይቄያለሁ፣ አልመለሱም። ይህን ስነግረው ሳቀ። ከዚያ “እናንተ እኮ” ብሎ ጀመረና የቀረውን ዋጠው። የዋጠውን ነው ያልወደድኩት። ትፋው አልኩት። በዕብራይስጥ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል፣ ይህም ያናድደኛል።

አባባም ወጥቶ ነበር። በየደረጃው እየተቀመጠ፣ ማሽኗን በትከሻው አንግቶ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሽቦ ሳገናኝ ሲያይ ቆየ። ገመዶቹን በከዘራው እያመለከተ የሆነ ነገር ጠየቀኝ... አልመለስኩለትም። ከኦዴድ ጋር እየተጯጯህኩ ነበር።

ማሽኗ ኃይል ሲያንሳት ትጮኻለች። በሰንበት የሚጮኽ ነገር አልፈልግም አለ አባባ። የምትጮኽበትን ቀዳዳ በጥጥና በፕላስተር ደፈንኩላት። ምን ላድርግ? የጠየቀው ሁሉ ይሁንለት፣ ብቻ ይተንፍስ።

ጁላይ 8፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ሠራ። ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ። አባባ ሰንበቱን ሙሉ ሲተነፍስ ዋለ። ሳጥኑ ፓነሉን ዘጋ፣ ባትሪው ብቻውን ተሸከመው። ምሳ ላይ አባባ የድሮ ወሬ ጀምሮ ጨረሰው። ድሮ ግማሹ ላይ ነበር የሚቆም። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ብቻ። ሰዓቱን የሚያውቀው ሳጥን በሰንበት ማሰቡን ያቆማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያቆምም አባባ፣ ሰዓት እየቆጠረ ያድራል አልኩት። መልሱን አልወደደውም።

ጁላይ 11፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ የፓነሉ ሽቦ ተቆርጧል። በመቁረጫ፣ ጥርት ተደርጎ። የኦዴድን በር በእግሬ ደበደብኩት። አዎ እኔ ነኝ አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ደግሜም እቆርጠዋለሁ አለ። ኮሌታውን ያዝኩት። ገፈተረኝ። በጀርባዬ ደረጃውን ወረድኩ፣ ጉልበቴ ተተረተረ፣ የአፌ ደም ሸሚዜን አራሰው።

ለጀምበሬ መደወል አልነበረብኝም። ደወልኩ። መጣ፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ፣ አፉን በግንባሩ ገጨው። ኦዴድ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ሲያየው... ደስ አለኝ። ለማንም አልናገረውም፣ እዚህ ግን ይጻፍ። በጣም ደስ አለኝ።

ፖሊስ ሁለቱንም ወሰደ፣ ሁለቱንም መለሰ። ጀምበሬ ከኦዴድ በር እንዳይደርስ ተባለ።

ጁላይ 13፣ ሐሙስ

ኦዴድ ፓነሉን ከጣሪያ ወረወረው። ሕፃናት የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ነው የወደቀው። እግዜር ሲያወጣ ማንም አልነበረም። መስተዋቱ እስከ መንገዱ ድረስ ተረጭቷል። ሚስቱ ስታቭ መስኮት ላይ ቆማ ፊቷን ይዛ ታለቅስ ነበር። ለማን እንደምታለቅስ አላውቅም።

ሃዒር ሃዓቲቃ፣ ወደ አሮጌው ከተማ ገበያ ወርጄ ያገለገለ ፓነል ተሸክሜ መጣሁ። ነገ ዓርብ ነው። መዶሻዬን ከመጋዘን አውጥቼ አልጋዬ ሥር አስገባሁ።

ጁላይ 14፣ ዓርብ

ፓነሉ ጣሪያ ላይ ታስሯል። በጠዋት ተነስቼ ነው የገጠምኩት፣ ከሰዓት በኋላ ባትሪው ሞልቷል። ጀምበሬ እኛ ጋ ያድራል። ፀሐይ ሳትገባ እንቅልፍ ልሰርቅ ነው... ኦዴድ ዛሬ ቢነካው እገድለዋለሁ።

ጁላይ 15፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ሆስፒታል

በር ላይ ፖሊስ ቆማለች፣ ብዕሩን አልከለከለችኝም።

ንጋት ላይ ዝምታው ቀሰቀሰኝ። የማሽኗ ድምፅ የለም። አባባ ግማሹ ከአልጋ ወርዷል፣ ጥፍሩ ሰማያዊ፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ደረቱን ደበደብኩት፣ ጮኽኩ። ጀምበሬ አምቡላንስ ጠራ። ማሽኗን ግድግዳው ላይ ሰካኋት፣ ቱቦውን መልሼ ካፍንጫው ከተትኩ። አንዴ አቃሰተ። ሌላ ትንፋሽ ስጠብቅ ዓመት መሰለኝ።

ከዚያ መዶሻው እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። አባቴን ለጀምበሬ ትቼ ወጣሁ። ጣሪያ ወጥቼ ልይ አላልኩም። ለምን ልይ? አውቃለሁ እኮ።

ኦዴድ በውስጥ ሱሪው በሩን ከፈተ፣ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ቀኝ እጁን መቃኑ ላይ አሳርፏል። እጁን ነው የመታሁት። ድምፁ ሰድር ሲሰነጠቅ የሚሰማው ነው። “ምን አደረግኩሽ?” አለ። እየደጋገመ ይህንኑ አለ። አባቴን ገደልክ ብዬ ሁለተኛውን ለጭንቅላቱ አነሳሁ። ስታቭ መሃላችን ገባች። እሷ ባትገባ... እሷ ባትገባ አወርደው ነበር።

አባባ በሕይወት አለ። ሐኪሙ ሌላ ነገር አልነገረኝም።

ጁላይ 16፣ እሑድ

መርማሪዋ ጣሪያ ላይ አወጣችኝ። ወጣት ናት፣ በትሕትና ነው ያናገረችኝ። ኦዴድ የቆረጠውን አሳዪኝ አለችኝ። ጀምበሬም የመጣው ለዚሁ ነው፣ ሌላ ፖሊስ አጠገቡ ቆሟል።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኮንትሮለሬ ከሰል ሆኗል። ገመዱ ግን አልተቆረጠም። ከባትሪው የሚመጣው ወፍራሙ ገመድ ከቦታው ተነቅሎ፣ ጫፉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል። ቀስ ተብሎ፣ እንደ ቆሰለ ጣት። ጨርቁን አውቀዋለሁ። የአባባ ነጠላ ጫፍ ነው። ባልዲውም እዚያው ነው፣ ከዘራው ያረፈበት አቧራ ላይ ይታያል።

አባባ ዓርብ ተኝቼ ሳለሁ ነው የወጣው። ሳጥኑ ሰዓት እየቆጠረ ያድራል ብዬው የለ? አላመነውም። ሰንበት ሳይገባ ፀሐይዋን በገዛ እጁ ሊዘጋት ወጣ። ከፀሐይ የሚመጣው ደግሞ ቀጭኑ ገመድ ነው። እሱ ፀሐይ ትልቅ ናት ብሎ ወፍራሙን ነቀለ። ይህን ሥራ የነካ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ፀሐይ እያለ ባትሪውን ቀድመህ አትነቅልም። ባትሪው ከሌለ የፓነሉ ጉልበት ማረፊያ ያጣል፣ ኮንትሮለሩን አቃጥሎ ያልፋል። ከጣሪያው የሚወርደው ኃይል ሲቀርባት ማሽኗ በሆዷ ባለችው ትንሽ ባትሪ ሌሊቱን ታገለች፣ ንጋት ላይ ጮኸች። አፏን በጥጥ የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን በከዘራው እያመለከተ የጠየቀኝ ይህንን ነበር። የቱ ነው ከፀሐይ የሚመጣው? አንዲት ቃል ነበር የፈለገው። እኔ እጮኽ ነበር።

“ተቆርጧል ወይ?” አለች መርማሪዋ።

ጀምበሬ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ “ቆረጠው በያት። አይገባቸውም። በፊትም ቆርጦ የለ?” አለኝ።

በጥፊ አጮልኩት። ፖሊሱ እጄን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ታናሼ ነው፣ ተሸክሜ ያሳደግኩት ነው፣ ጉንጩ ላይ አምስቱም ጣቴ ታየ። ደግሞ ለአፍታ እኔም አስቤው ነበር፣ ለዚህ ነው እንደዚያ አጥብቄ የመታሁት።

“አልተቆረጠም” አልኳት። “የነቀለው አባቴ ነው። ሰውየው ምንም አላደረገም።”

ጁላይ 19፣ ረቡዕ

ዳኛዋ የቁም እስር ሰጠችኝ፣ ጉዳዩ እስኪታይ እቤት። ሽማግሌውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለም ብላ ነው እዚያው ሕንፃ ውስጥ የተወችኝ። ሆስፒታል ግን እንድሄድ ተፈቅዷል። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ እግሬን ካነሳሁ እስር ቤት ነው።

የኦዴድ ጣቶች በብረት ተያይዘዋል። ሰድር ያነጥፍበት የነበረው እጅ ነው። ስታቭ ደረጃ ላይ አገኘችኝ፣ እግሬ ሥር ተፋች። ልክ ናት። ፓነሉን የወረወረው ኦዴድ ነው፣ የገፈተረኝ እሱ ነው፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሰበርኩት ግን ተኝቶ ያደረ ሰው እጅ ነው።

ጁላይ 23፣ እሑድ

አባባ ዛሬ ተናገረ። መጀመሪያ የጠየቀኝ “ፀሐይዋን ዘግቼልሽ ነበር፣ አየሽ?” ብሎ ነው። ሳጥኑን አላመነም፣ እኔንም መቀስቀስ አልፈለገም። ደክማለች፣ ትተኛ ብሎ።

አየሁ አልኩት። በዚሁ ልተወው ነበር። ጀምበሬ በአልጋው ማዶ ዝም በይ ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። አባባ ግን ክንዴ ላይ የጠቆረውን አየ፣ ማን ነካሽ አለኝ። ፖሊስ አልኩት። ለምን አለ። ነገርኩት፣ ወፍራሙንም፣ መዶሻውንም፣ የኦዴድንም እጅ። አባባን ዋሽቼ አላውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬ ልጀምር?

የጠየቀኝ ቀኑን ብቻ ነው።

“በሰንበት?” አለ።

በሰንበት አልኩት።

“እኔ ፀሐይ እንዳትሠራ ዘጋሁ፣ አንቺ መዶሻ አነሳሽ” አለ። ከዚያ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። ሳብስለት እጄን አልገፋውም። ቢገፋው ይሻለኝ ነበር።

ጁላይ 28፣ ዓርብ

አባባ ትናንት እቤት ገባ። ጠዋት ሁሉንም አስቤ ጨርሼ ነበር። ባትሪዎቹን ሰው ያወርድልኛል፣ አዲስ ኮንትሮለር በረንዳ ላይ እገጥማለሁ፣ ገመዶቹን በጨርቅ ምልክት አስሬ አንድ በአንድ አሳየዋለሁ... የመበየጃ ሊድና ሽቦዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጠራኝ።

“ተይው” አለኝ። “የሰው እጅ ያሰበረ ሳጥን ሰንበት አይጠብቅልኝም።”

ታዲያ በምን ትተነፍሳለህ አባባ?

ብርሃኑ ከመስኮቱ እየወረደ ነው፣ ቤርሼቫ ከታች ሱቁን እየዘጋ ነው። ፀሐይ ስትገባ ቱቦውን ያወልቃል ብዬ ፈራሁ። አለማውለቁ እንደሚብስብኝ አላወቅኩም ነበር።

“ግድግዳው ላይ ሰኪያት” አለ።

ሃምሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ራቢ ያልነቀነቀውን፣ ሐኪም ያላሸነፈውን ሰው በመዶሻዬ አሸነፍኩት። ሰካሁ። ማሽኗ ጉር ጉር ማለት ጀመረች። አባባ የሰንበት ነጠላውን ለበሰ፣ ጫፉ የተቀደደውን፣ ፊቱን ከእኔ ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ፕላስተሩንም አንሺላት” አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ። “መጮኽ ካለባት ትጩህ።”

አነሳሁላት። ጥጡን በጥፍሬ ፈልፍዬ አወጣሁ። ትሠራ እንደሁ ለማየት ሶኬቱን አንዴ ነቀልኩት፣ ጮኸች፣ ቤቱን ሁሉ ሞላችው። መልሼ ሰካሁ። አባባ ጆሮውን አልያዘም። ፀሐይ ልትገባ ነው፣ በሰንበት አይጻፍም፣ ብዕሩን ማስቀመጥ አለብኝ።