ለግሪሳ የገዛሁት መነጽር

ጥቅምት 2
ማማዬ ላይ ዋልኩ። ማሽላው ወተት ይዟል፤ ግሪሳ የሚወደው ይሄን ጊዜ ነው። ዛሬ አልመጣም። ወይስ መጥቶ አላየሁትም? ቅርቡን አያለሁ፣ ደብተሬን አያለሁ፤ ሩቁ ግን ጭጋግ ነው። ሐኪሙ «እርጅና ነው» አለኝ። እርጅናውን ማን ጠየቀው?

ከጎኔ የአስረሳሽ ማማ አለ። ጠዋት ማታ ጅራፏን ታጮሃለች። አምና ግሪሳውን ብቻዋን አስነስታ እኔ ላይ ለቀቀችው። ደንቡ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ እኩል ጮሆ፣ ወፉን ወደ ጎሊና ወንዝ መንዳት ነው። እሷ ማሽላ አጨደች፣ እኔ አገዳ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ዘንድሮም ከበሉኝ... ክረምቱን በምን እወጣለሁ?

ጥቅምት 4
ልጄ ኢቅራ ከደሴ ደወለች። «እማ፣ ወፍ የሚያዩ ቱሪስቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት መነጽር አለ። ሩቁን ያቀርባል። ለምን አትገዢም?»
«እኔ ቱሪስት ነኝ?»
«ወፍ ስታዪ አይደል የምትውዪ?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ግሪሳውን ከአስረሳሽ ቀድሜ ካየሁት...

ጥቅምት 7
ፍየሌን ሸጬ ቆቦ ሙዓዊያ ሱቅ ገባሁ። ስልክና ባትሪ የሚሸጠው። ውዱን መነጽር አልነካሁትም። ርካሹ የልጅ መጫወቻ ነው። መሃል ላይ ሁለት አሉ፣ ዋጋቸው እኩል። አንዱ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ አንዱ ሃያ።
«እናቴ ነሲባ፣ ለወፍ ከሆነ ስምንቱን ውሰጂ።»
«ዋጋው አንድ ከሆነ ሃያው እያለ ስምንት የምታሸክመኝ ሞኝ መስዬህ ነው?»
ክንዴን ባንኮኒው ላይ አስደግፌ በሃያው አየሁ። ከአስፋልቱ ማዶ የወፍጮ ቤት ሰሌዳ አለ። «የእህል ወፍጮ» አነበብኩ። ከሥሩ ያለውን ደቃቁንም፤ «በርበሬ አይፈጭም»። በስምንቱ ትልቁን ብቻ ነው ያነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ከዳርኩ በኋላ ነው... እንዲህ ከሩቅ ያስነበበኝን ትቼ የት እሄዳለሁ?
«ማማሽ ላይ ሰሌዳ የለም እኮ» አለኝ።
«አንተ ጠቅልልልኝ።»
ሲሰጠኝ ድምፁን ቀነሰ። «መንገድ ላይ አታውጪው። የወታደር ዕቃ ይመስላል፣ ጊዜው ደግሞ ታውቂዋለሽ።»
ምነው ቀድሞ ቢነግረኝ?

ጥቅምት 8
ትናንት ስመለስ ፍተሻ ነበር። ባጃጁ ቆመ። መነጽሩ በፎጣ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ... ምን ልላቸው ነው? ወፍ ላይበት? ማን ያምናል? ወታደሩ ፊቴን አየና «እለፉ፣ እናት» አለ። እርጅና ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ጥቅምት 9
አይሆንም። ማማው በነፋስ ይወዛወዛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መነጽሩ ውስጥ ሰማዩ ይሮጣል። አንድ ወፍ አገኛለሁ፣ ወዲያው ይጠፋኛል። ቋሚው እንጨት ላይ አስደገፍኩት። እንጨቱም ይንቀሳቀሳል። ደክሞኝ ሳወርደው ግሪሳው ማሽላዬ ላይ ሰፍሯል። እስካባርረው አንዱን ጥግ ጨረሰው።

ጥቅምት 10
«በርበሬ አይፈጭም»ን ለማንበብ ነው ፍየሌን የሸጥኩት? ልመልሰው? ሙዓዊያ ይስቅብኛል። ባይቀበለኝስ? ፍተሻውስ?

ጥቅምት 12
ሄድኩ። ሙዓዊያ ገና ሲያየኝ፣ «ሰሌዳው ዛሬ ምን ይላል?»
«አፍህን ዝጋና ስምንቱን አምጣ።»
«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ስምንቱን ከመደርደሪያው እያወረደ፣ «ይሁን፣ አንቺ ሱቄ በር ላይ ቆመሽ ከምትረግሚኝ...»
ባንኮኒ አልተደገፍኩም። ደጅ ወጥቼ፣ በቁሜ፣ መብራት ሽቦ ላይ ያሉትን እርግቦች አየሁ። አንዷ ተነሳች። በስምንቱ ተከተልኳት፤ እስከ መስጊዱ ጣሪያ አልጠፋችብኝም። ሰሌዳውን ዞር ብዬም አላየሁ።

ጥቅምት 15
አንድ ግሪሳ ግራር ላይ አርፎ አየሁት። ምንቃሩ ቀይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬ ምንቃሩን ያየሁት ዛሬ። ያምራል... ይሄ ሌባ።
ግን ፍርሃቴ ባሰ። ድሮ የምፈራው ሲመጡ ነበር። አሁን ሳይመጡም አያቸዋለሁ።

ጥቅምት 19
አሥር ሰዓት ላይ የጎሊና ግራሮች ጠቆሩ። ቅጠል መስሎኝ ነበር። ቅጠሉ ተነሳ። አቅጣጫው ወደ አስረሳሽ ማሳ።
መነጽሩን ወደ እሷ ማማ አዞርኩ። ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ተቀምጣለች። ጅራፏ ጭኗ ላይ ነው። የምታየው እኔን ነው። ማሳዋን የምትጠብቀው ከወፍ ሳይሆን ከእኔ ነው!
ዝም ልበል? አምና ምን አደረገችኝ? ይብሏት... ከእሷ ሲጠግቡ ይሄዳሉ? አይሄዱም። ነገ እኔ ጋ ናቸው።
«አስረሳሽ! ኋላሽ!»
«ምን አልሽ አንቺ?» ጅራፏን አነሳች።
«ግሪሳ! ዙሪ፣ አንቺ ደንቆሮ! ወደ ወንዙ!»
ዞረች። እሷ በጅራፍ፣ እኔ በቆርቆሮ፣ እስከ መግሪብ እኩል ጮህን። መለስናቸው። ድምፄ ጠፍቷል።

ጥቅምት 20
አስረሳሽ ማማዬ ሥር መጥታ ቆመች። ምስጋና የለ፣ ምን የለ።
«ደንቆሮ ነው ያልሽኝ?»
«ታዲያ ስምሽን ስጠራ መቼ ዞርሽ?»
«በዚያ ነገር እኔን ነው የምታዪው?»
«አንቺስ ፊትሽን ወደ እኔ አዙረሽ ምን ትሠሪያለሽ?»
በጅራፏ የማማዬን ሥር እያመለከተች፣ «ከማማሽ ሥር ያለው ወፍ አገዳው ስለሚጋርድሽ አይታይሽም። ትናንትም ነበረ። ከእኔ ጋ ግን ይታያል።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«መቼ ተነጋግረን?»

ኅዳር 3
ነገ አጨዳ ነው፣ ኢንሻአላህ። ጥጉ ቢጎድልም የቀረው ቆሟል።
እኔ ወንዙን በመነጽር አያለሁ፣ ለሁለታችንም። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ የእኔን ማሳ ታያለች። ዛሬ ሦስቴ ጮኸች፤ «ነሲባ! ሥርሽ!» በጠራችኝ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። አምናን ይቅር አላልኳትም። ከሰዓት ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች... ምን ሆነች ብዬ መነጽሩን ከወንዙ ወደ እሷ አዞርኩ። ቆሎ እየቆረጠመች ነው። ተመስገን ብዬ ወደ ወንዙ መለስኩት።