ያልሳሳው ጥድ ለእኔ፣ የሳሳው ለሱፊያን

ለተከበሩ አቶ አስገዶም፣ የጥድ ደን ልማት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ አናጺ የሆንኩት እኔ ገብረክርስቶስ፣ ከቅናት በስተቀር አንዳች ሕመም የለብኝም። በአደባባይ የምጽፍልዎ ውለታዎን ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው።

፩ኛ፦ ከላይኛው ደን ስለላኩልኝ ጣውላ እጅ እነሣለሁ። ዛፎቹ ከተተከሉ ጀምሮ አንድም ሳይቀነስላቸው፣ እንደ ታክሲ ሰልፈኛ ተጠጋግተው፣ ለፀሐይ ሲሻሙ ወደ ላይ ብቻ የተመዘዙ፣ የደረቀ ቅርንጫፋቸውንም በሆዳቸው የቀበሩ ናቸው። በዚሁ ጣውላ ስድስት ኪሎ ሰፈር መጻሕፍት ለሚሸጡት ለወይዘሮ የሺዓለም መደርደሪያ ሠራሁ። ወር ሳይሞላው ጣውላው ተጣመመ፤ የተቀበረው ደረቅ ቅርንጫፍ ጉጥም እየተነቀለ ወደቀ። ወይዘሮዋ በቀዳዳው ጣታቸውን ሰድደው፣ «ገብሬ፣ መስኮት መቼ አዘዝኩህ?» አሉኝ።

፪ኛ፦ ለጎረቤቴ ለሱፊያን ከታችኛው ደን ስለሚልኩለት ጣውላም አመሰግናለሁ። ቀጫጭኑ ዛፍ በየጊዜው እየተቆረጠ ከሳሳ ደን የወጣ ስለሆነ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ጉጡ ጥቂት፣ ያውም የማይነቃነቅ። ሃያ ዓመት ደንበኛዬ የነበሩት ወይዘሮ የሺዓለም አሁን በደጄ አልፈው እሱ ዘንድ ሲገቡ በትሕትና ሰላም ይሉኛል። የገደለኝ ያ ሰላምታ ነው።

፫ኛ፦ ባለፈው ወር ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ «ለሱፊያን ለምን ያደላሉ?» ብዬ ስጮህ፣ ሻይ አስቀርበው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የተጻፈ ወረቀት ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለካ ደኑን ለማሳሳት የሚቆረጡትን ቀጫጭን ግንዶች የሚወስድ ሰው ስትፈልጉ ቀድማችሁ የጠየቃችሁት እኔን ኖሯል። «አናጺ ነኝ እንጂ ችካል ነጋዴ አይደለሁም» ብዬ የመለስኳችሁም እኔው ነኝ። ሱፊያን ግን የታችኛውን ደን ቀጫጭን ወስዶ በርጩማና የፍራፍሬ ሣጥን ሠራበት። ቦታ ያገኙት ዛፎች ወፈሩ፤ የጣውላቸው ቅድሚያም ለእሱ ሆነ። የላይኛው ደን ግን ቀጫጭኑን የሚወስድለት አጥቶ እንደታፈነ ቀረ።

ስለዚህ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ፤ ቅናቴን ግን አላነሣሁም። ዘንድሮ አዲሱ ደን ሲሳሳ ቀጫጭኑን ለእኔ ይጫኑልኝ፤ በርጩማ መሥራት እጄ አይጠፋውም።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ ዘወትር የሚጸልየው፣
ገብረክርስቶስ፣ አናጺ

ግልባጭ፦ ለሱፊያን፣ ደስ እንዲለው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ አናጺ እምቢ ስላለ አንድ ሙሉ ደን አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሳሳ እንደሚቀር አላውቅም ነበር። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የደኑ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ ደመወዙን ብቻ ነው እርስዎ ሲቀበሉልኝ የኖሩት።