ቅዳሜ የማይሸጥ ገበያ

እሑድ፣ ሜይ 18፣ 2003

ዓርብ ልጽፈው ነበር፣ ሰንበት ቀደመኝ። ደስታው ግን አሁንም አልለቀቀኝም!

ዓርብ ከሰዓት ከአባዬ ጋር ሽንኩርት ልንገዛ እዚህ እስራኤል፣ ኔታንያ ገበያ ሄድን። አባዬ የጎንደርን ቅዳሜ ገበያ አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፣ ለእኛ ለቤተ እስራኤል ሰንበት ነዋ። የቀጠቀጠውን ማረሻ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ነበር ወስዶ የሚሸጥለት።

«ቅዳሜስ እዚህ ማን ይሸጣል? እስኪ በዕብራይስጥ ጠይቂልኝ» አለኝ።

ሽማግሌው የወይራ ሻጭ ሳቀ። «ማንም! ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ሻባት ዝግ ነው።»

ይህን ስነግረው አባዬ ጎንበስ ብሎ የሱቁን መዝጊያ ሳመ! ሁሉም እስኪዘጋ ቆመን አየን። አውቶቡስ አመለጠን፤ ሰፈራችን ኪርያት ኖርዳው በእግራችን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ደረስን።

«ሽንኩርቱስ?» አለች እማዬ።

«ተይው ሽንኩርቱን!» አለ አባዬ። «ገበያው ራሱ ሰንበት ያከብራል!»