ማርሚታው ከተቀየረ ወዲህ

ሰኞ

መኪና ማንሻዬን አስጮህኩት! ከአዳማ እስከ አሰላ መስኮት ከፍቼ ነው የመጣሁት። ብርዱ ጆሮዬን ቢቆርጠውም ድምፁ እንዳያመልጠኝ አልዘጋሁም። የድሮውን ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ከነጭስ ማጣሪያው ቆርጠው አወጡልኝና በምትኩ ወፍራም ቀጥ ያለ ቱቦ በየዱልኝ። የገጠመልኝ ሰውዬ «ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍጣ ይቆጥባል» ብሎ ምሎልኛል። ባዶውን ስነዳው እውነትም ቀለል ያለኝ መሰለኝ።

ነገሩ ግን ጉልበት ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ሰው መኪና ማንሻን የሚመዝነው በድምፁ ነው። ገበያው ጋ የሚሠራው የሌላ መኪና አንሺ አሮጌ ክሬን ከሩቅ ሲያጓራ፣ ቦይ የገባበት ሹፌር ሁሉ «መጣልን!» ይላል። የእኔ አዲስ፣ ንጹሕና ዝምተኛ ስለሆነ «ይሄ ደግሞ ያነሳል?» ይሉኛል። ሰለቸኝ።

ከድር አልወደደውም። ከድር የሥራ ጓደኛዬ ነው። እሱ ከኋላ ሆኖ ገመዱን ያስራል፣ እኔ ከጋቢናው አጠገብ ቆሜ ገመዱን በሚጠቀልለው ዊንች እስባለሁ። የሚነሳው መኪና መሀላችን ስለሚገባ አንተያይም። «ሳብ» ሲለኝ እስባለሁ፣ «አቁም» ሲለኝ አቆማለሁ። ሲቸኩል ደግሞ «አቁም»ን በኦሮምኛ «ዻቢ!» ይለኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ዛሬ ቱቦውን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ታዴ፣ በዚህ ጩኸት እንዴት ልትሰማኝ ነው?» አለኝ። «አንተ ስትጮህ እንኳን እኔ ዴራ ያለ ሰውም ይሰማል» ብዬ ሳቅሁበት።

ማክሰኞ

ዛሬ አፈርኩ። ዴራ የተበላሸ ሚኒባስ ጭነን ወደ አሰላ ስንመለስ፣ ዳገቱ መሀል የማስጠንቀቂያው መብራት በራ። ነዳጅ ብሰጠው ብሰጠው አልሰማ አለኝ። ጉልበቱ ጥፍት አለ። በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቅን ነው የወጣነው። ጋሪ የሚነዳ ሰው ቀደመን፣ ዞሮም አየን። ኋላችን ጥቁር ጭስ። ከእኛው ጋር ጋቢና የተቀመጠው ባለ ሚኒባሱ መንገዱን ሙሉ ሲያስል መጣ። ናፍጣውም ከወትሮው ቀድሞ ወረደ።

የገጠመልኝ ሰውዬ ጋ ደወልኩ። «ያንተ መኪና እኮ ኮምፒውተር አለው፤ ማጣሪያውን ሲያጣ ራሱ ጉልበት ይቀንሳል። እሱንም ማታለል አለብን፤ ተመልሰህ ና» አለኝ። ትናንት ምን ለጎመው?

ከድር አልሳቀብኝም። «ነገ ወስደህ አስመልሰው» ብቻ አለ። እሺ አልኩት።

ረቡዕ



ጠዋት አዳማ መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት ሳልፍ ጎማ የሚሠሩት ልጆች ወጥተው አጨበጨቡልኝ። «ታዴ፣ አንበሳ ሆነሃል!» አሉኝ። ቅዳሜ አስመልሰዋለሁ አልኩ በልቤ። ለጭብጨባ!

ከሰዓት ሳጉሬ አካባቢ ገብስ የጫነ መኪና ቦይ ገባ ተባለ። ጭጋግና ጭቃ ነበር። ከድር ገመዱን አሰረ፣ «ሳብ» አለ፤ ሳብኩ። ከዚያ መንጠቆው ተጣሞ ስላየ «አቁም» ብሎኛል። አቁም ካለ ሁልጊዜ አቆማለሁ። ስለዚህ ቀና ብሎ ሳያይ ሊያስተካክለው እጁን ከተተ። እኔ እግሬ ሥር ከሚያጓራው ቱቦ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ባለ ገብሱ ሹፌር ሁለት እጁን እያወናጨፈ ሮጦ ሲመጣ ነው ያቆምኩት። ከድር እጁ ገመዱና መንጠቆው መሀል ተይዞ «ዻቢ! ዻቢ!» እያለ ይጮህ ነበር አሉኝ።

በዚሁ መኪና ሆስፒታል ወሰድኩት። ሌላ መኪና አልነበረም። እስክንደርስ ድረስ ያ ድምፅ አልለቀቀንም። 

ሐሙስ

የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልተረፉም። ገመድ የሚያስርበት እጁ ነው።

ባለቤቱን ዘይነባን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከድርን ይቅር በለኝ አልኩት። «አላህ ያለው ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አላህ ያለው አይደለም፤ እኔ ያመጣሁት ነው። ነግሮኛል እኮ። ሰኞ ነገረኝ፣ ማክሰኞ ነገረኝ።

ዓርብ

አዳማ ወረድኩ። ማርሚታዬና ማጣሪያው ጋራዡ ጥግ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጥለው አገኘኋቸው። ሰውዬው «ኮምፒውተሩን ላስተካክልልህ፣ ያኔ ታየዋለህ» እያለ ሊያግባባኝ ሞከረ። «መልስልኝ ብቻ» አልኩት። ምን እንደደረሰ ልነግረው ብዬ ተውኩት፤ እሱ ምን አደረገ? ገንዘቤን ይዤ ደጁ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ።

የድሮውን ሲመልስልኝ የማስጠንቀቂያው መብራት ጠፋ። ስመለስ ዳገቱን ሳይነጫነጭ ወጣው። ጉልበቱ ድሮም ነበረው።

ቅዳሜ

አርቦዬ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አለ ብለው ደወሉልኝ። ሰው የለኝም አልኩ። እውነቴን ነው።

ሚስቴ «ሌላ ረዳት ፈልግ እንጂ ቤት ልትቀመጥ ነው?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ቆይቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰሞኑን ሥራዬ ይቅርታ መጠየቅ ሆኗል።

እሑድ

ከድር መጣ! መኪናውን የማቆምበት ግቢ ድረስ በእግሩ መጣ። በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከቶታል። ሰላምታውን አሳጥሮ «አስነሳው» አለኝ።

አስነሳሁ። እሱ ወደ ኋላ ሄዶ ድሮ የሚቆምበት ቦታ ቆመ። እኔም ሳያዘኝ የዊንቹን እጀታ ያዝኩ። መሀላችን መኪና ባይኖርም ፊቱን አዙሮ ስለቆመ አንተያይም። ከዚያ ሳይጮህ፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚያወራ አድርጎ «አቁም» አለ። «ሰማሁ!» አልኩት። «ዻቢ» አለ። «ሰማሁ፣ ከድር!» አልኩት፣ ደስ ብሎኝ። ሊመለስ ነው አልኩ፤ በግራው እጁም ቢሆን፣ ቆሞ ቢያዘኝም ይበቃኛል፣ ገመዱን እኔ አስራለሁ ብዬ አሰብኩ።

ዞሮ ወደ እኔ መጣ። «ጥሩ ነው» አለኝ። «ከእንግዲህ የምትቀጥረውን ሰው ትሰማዋለህ።»

ወንድሙ አቦምሳ ከተማ እህል ይነግዳል፤ ወደዚያ ሊሄድ ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። ብዙ ልለው ፈልጌ ነበር፤ «በደህና ግባ» ብቻ ወጣኝ። ልሰናበተው እጄን ዘረጋሁና መሀል ላይ ቀረ፤ የቱን እጁን እንደምጨብጥ ጠፋኝ።

ከድር ግራ እጁን ሰጠኝ።