ማሊያው ላይ ያለው ስም

ይድረስ ለእትዬ ታደለች፤ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ካሮልተን፣ ዘንድሮ ብርዱ ቢያስቸግረንም ደህና ነን።

ልጄ ካሌብ ለኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። አሰልጣኙ ዕድሜውን በጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲዎች ሲያሰለጥን የኖረ፣ አንቱ የተባለ ሰው ነው አሉ። ይሁን። እኔ ጸጉርህን ተቆረጥ ብዬ ዓመት ሙሉ ለመንኩት፤ አሰልጣኙ አንዴ ቢናገረው በማግስቱ ተቆረጠ። አሁን ሰውየው ሌላ ስቴት ወዳለ ኮሌጅ ሊዛወር ነው፤ ካሌብም «ተከትዬው ትራንስፈር አደርጋለሁ» አለኝ። ኦኬ አልኩት።

ቅዳሜ ጨዋታውን አየሁ። ማሊያው ላይ የተጻፈው የአባቱ ስም ነው፤ ሲያገባ አዳራሹ «ክፍሉ! ክፍሉ!» እያለ ጮኸ። ብድግ ብዬ እጄን አውለበለብኩ። እሱ ግን ዞሮ ያየው አሰልጣኙን ነው።

ጸሎትዎ አይለየን። ካሌብም ሰላም ይልዎታል፤ ማለቴ፣ ሲደውል እነግረዋለሁ።

ወንድምዎ ክፍሉ