አንድ ላፕቶፕ ለእናትና ለልጅ

ሰኞ

ዊንዶውሱን ላውልቀው ነው አለችኝ። እንደ ሹራብ! ገና የሱቁን ወለል ጠርጌ ሳልጨርስ። ልጄ ማኅሌት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከመጣች ወዲህ፣ ለሱቁ በገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ ቀን ቀን እኔ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ እጽፍበታለሁ፣ ሱቅ ስዘጋ እሷ ኮዷን ትጽፍበታለች። አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ፈተና ልኮላታል። ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም ሠርታ እስከ ቅዳሜ መላክ አለባት። ካለፈች ሥራ ነው። የኮድ መጻፊያ መሣሪያዎቿን ስትከፍት ግን ላፕቶፑ ዳገት እንደበዛባት አህያ ቀጥ ይላል።

«እማዬ፣ ሊኑክስ ልጫንበት። ቀለል ያለ ነው፤ ለእንዲህ ያለ አሮጌ የሚስማማው እሱ ነው።»

«ሁለቱን ጎን ለጎን ብታደርጊያቸውስ?»

«ቦታው አይበቃም።»

ምን ልበል? ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምትለው ነገር ለእኔ ያው ስከፍተው የሚመጣው ሥዕል ነው። ጫኚ አልኳት። ጽሑፎቼ ብቻ እንዳይጠፉ። አንዱም አይጠፋም፣ ሁሉንም ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ አለች።

ማክሰኞ

ተጫነ። እውነትም ፈጠነ። እዚህ ኔት ስለማይረባ ቡሬ ከተማ ያለ ጓደኛዋ መሣሪያዎቹን በፍላሽ አድርጎ በመኪና ላከላት። ኮድ መጻፊያው ብቻ ሦስት ዓይነት ነው። «እማዬ፣ ይኸኛው ይሻላል ያኛው?» ስትለኝ ዋለች። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጥቁሩን አልኳት፣ ዓይንሽን አይወጋሽም። ሳቀች፤ እሱኑ መረጠች። ማማከሯ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ረቡዕ

ምነው በጾም ቀን ባልተናደድኩ።

አያ ሙላት ከፈረስ ቤት ከተማ መጡ። እሑድ የወንድማቸው ሙት ዓመት ነው። እሳቸው እየነገሩኝ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ባለፈው ሳምንት ጽፌላቸዋለሁ፤ ማተም ብቻ ነው የቀረኝ። ፍላሹን ሰክቼ ብከፍተው ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት። አንዲት «ሀ» እንኳ የለችበትም።

አያ ሙላት ከኋላዬ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኸ ወንድሜ ነው?»

«አያ ሙላት፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከደጋ ዳሞት አልወጣ። ሞቶ ነው ፈረንጅ የሆነው?»

በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ እየነደደ።

ማኅሌት መጥታ አየችው። የእኔ ያማርኛ መጻፊያ የድሮ ነው አሉ፤ ፊደሉ የራሱ ብቻ ነው፣ ሊኑክስ አያውቀውም። «ጽሑፉ አልጠፋም እማዬ፣ የሚያነበው ነው የጠፋው።» ሳትጭኚው በፊትስ አልኳት። «አላሰብኩትም» አለች። የገዛ መሣሪያዋን ስትመርጥ ውላ፣ የእኔን አላሰበችውም።

አዲስ ያማርኛ መጻፊያ ከፈተችልኝ። ቁልፎቹ ሌላ ናቸው። «ማመልከቻ» ልል ምን እንደጻፍኩ እግዜር ይወቀው። ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፍ ሴትዮ!

ሐሙስ

ፍላሹን ይዤ ከማዶ ወዳለችው ጸሐፊ፣ ወደ ብርቄ ሄድኩ። ደንበኛ ስንነጣጠቅ የኖርን ሰዎች ነን። እሷ የድሮው መጻፊያ አላት፤ ከፈተችው፣ የአያ ሙላት ወንድም ባማርኛ ቁጭ አለ።

«ምነው እቴ፣ የልጅሽ ላፕቶፕ ታመመ?»

የልጅሽ አለችኝ። አውቃ ነው።

አግዳሚዋ ላይ ሁለት የእኔ ደንበኞች ተቀምጠዋል። አንዷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩላት።

ቤት ገብቼ መልሺልኝ ልል ነበር። ቀደመችኝ፤ «ዛሬውኑ ዊንዶውሱን እመልስልሻለሁ፤ ፈተናውን ግን አልደርስበትም» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ተይው፣ ጨርሺ አልኳት። ከአፌ እንጂ ከሆዴ አልነበረም።

ዓርብ

ማኅሌት ቁልፎቹን በካርቶን ላይ ሳለችልኝ። እሷ ስትሠራ እኔ ካርቶን እየተጫንኩ ዋልኩ። የጎረቤታችን የሥጋ ሻጩ ሚስት አይታኝ፣ «እትዬ፣ በገና ነው የምትደረድሪው?» ትለኛለች።

የጻፍኩት ደብዳቤ፣ ምንም። የተማርኩት ፊደል፣ ግማሹ። ይህስ ቀላል ነው?

ቅዳሜ

ላከችው። አቅፋኝ ተንጠለጠለችብኝ። ገበያ ቀን ነው፤ የብርቄ ደጅ ሙሉ ነው፣ እኔ ፖስታና እስክሪብቶ ሸጥኩ።

ማክሰኞ

ደወሉላት። ብድግ ብላ ነው ያነጋገረቻቸው። «አዎ... እጅግ አመሰግናለሁ...» ስትል እልልታው አፌ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሰውየው አንድ ነገር ጠየቃት። ላፕቶፑን አየች እንጂ እኔን አላየችኝም።

«አለኝ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «አዎ፣ የራሴ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ ምን ጠየቀሽ አላልኳትም። እልል አልኩ። ጎረቤት ወጣ፤ ብርቄም ከማዶ ወጥታ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ፤ ከልቧም ይሆናል።

ሐሙስ ትሄዳለች። አሁን ላፕቶፑን በእኔ ጋቢ እየጠቀለለች ነው፣ መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭባት። ደመወዝ ስቀበል የተሻለ እገዛልሻለሁ አለች። አሜን አልኩ። ታደርገዋለች፣ ክፉ ልጅ አይደለችም። እስከዚያ በምን እንደምጽፍ ሁለታችንም አላነሣንም።

ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «አለኝ» የምትለዋን ቃል ፈለግኋት። አ አገኘሁ። ለ አገኘሁ። ኝ የት እንዳለች እስካሁን አላገኘኋትም።